በጥላ መንገድ ወደ ጣና ዳር

እሑድ የዕረፍት ቀን ነው ይባላል። ለማን እንደ ሆነ ግን የሚናገር የለም። በአንበሳሜም ሆነ በወረታ፣ በሐሙሲትም ሆነ በባሕር ዳር፣ ሳምንቱን ሙሉ በቢሮ፣ በሱቅ፣ በትምህርት ቤት ወይም በጉልት ገበያ ስትሠራ የከረመችውን እናት እሑድ ጧት የሚጠብቃት የተጠራቀመ ልብስ፣ ያልተቀነጠሰ በርበሬና ለሰኞ የሚቦካ ሊጥ ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ከግቢው አጥር አያልፉም፤ ወይ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፣ ወይ መንገድ ላይ ከባጃጅ ጋር ይጋፋሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ቤት አያያዝ የምንነጋገርበት ነው። ዛሬ ግን ከቤት ላስወጣችሁ ነው። በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ልብሱ ታጥቦ ሳያልቅ፣ በርበሬው ሳይቀነጠስ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በዘጌ ጫካ ውስጥ ወደ ጣና ዳርቻ እንድትሄዱ ልመክራችሁ እፈልጋለሁ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ሽማግሌም ሕፃንም ይሄደዋል። አንድ ነገር ግን ሳታውቁ እንዳትሄዱ። እርሱን እኔ ከጥፋቴ ተምሬዋለሁና ወረድ ብዬ አጫውታችኋለሁ።

«ሐይቁ ከእኛ ቅርብ አይደለም ወይ? ስለ ምን እስከ ዘጌ እንሄዳለን?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ የደራም የፎገራም ምድር ጣናን ይነካል። ነገር ግን በፎገራ በኩል ያለው ዳርቻ ርብና ጉማራ በየክረምቱ እየሞሉ ደለል የሚያፈሱበት ረግረግ ነው። ከዚያም በላይ እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ይበልጡን የጎዳው ይህንኑ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻ ነው። ጥላ ፍለጋ ለሄደች እናት ደግሞ ሜዳው የሚሰጣት የለውም። ከሐሙሲት ወደ ወረታ በመኪና ስትጓዙ በመስኮት አሻግራችሁ ተመልከቱ፤ ሩዙ፣ ጓያው፣ የፎገራ ላም አለ፤ ዛፍ ግን በአብዛኛው ክብ ሆኖ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ብቻ ነው። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠናው፣ ብዙዎቻችሁ ደግሞ በ«እመጓ» ደራሲነቱ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። እኛ ልጆች ሆነን በገላውዴዎስ ደን ውስጥ የሮጥነው ሰዎች ጥናቱን ሳናነብም ነገሩን እናውቀዋለን፤ የቀረው ደን በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ያለው ነው።

ዘጌ የሚለየው በዚህ ነው። እዚያ በደን የተሸፈነው አጸዱ ብቻ ሳይሆን ልሳነ ምድሩ በሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የአገሩ ሰዎች ምክንያቱን ሲናገሩ አቡነ በትረ ማርያም የተባሉትን አባት ያነሣሉ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ነበሩ የሚነገርላቸው እኒህ አባት ሕዝቡ እንዳያርስና ከብት እንዳያረባ አዘዋል፤ ለመተዳደሪያውም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጥተውታል ይባላል። ታሪኩን እንደ እምነታችሁ ተቀበሉት። ውጤቱ ግን በዓይን የሚታይ ነው። ሞፈር ያልገባበት ምድር ስለ ሆነ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳውና ሾላው ከላይ ጥላ ሠርቶ፣ ቡናው ከሥሩ ተንጣሎ ይኖራል።

መጀመሪያ የሄድሁት በጥር 2011 ዓ.ም. ነበር። ሰባት ዓመት የሆነውን ወንድ ልጄን፣ የአራት ዓመቷን ሴት ልጄንና እናቴን ይዤ ነው። እናቴን ለማሳመን የፈጀብኝ ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማል። «ልጄ፣ ጫካ ለምን ይኬዳል? እንጨት ልትለቅሚ ነው?» አለችኝ። አልፈረድሁባትም። በልጅነቷ ጫካ የምታውቀው በጀርባዋ ሸክም ነው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ለመመለስ ብቻ ከቤት መውጣት እርሷ ባደገችበት ዘመን የጤነኛ ሴት ሥራ አልነበረም።

ከአንበሳሜ ጧት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሥተን በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ገባን። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በየብስ የሚወስድ መንገድ አለ፤ ልጆች ካሏችሁ ግን በጀልባ ሂዱ እላለሁ። አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀው የውሃ ጉዞ ራሱ ለእነርሱ ትምህርት ቤት ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ እንጨት ከምሮ የሚቀዝፍ ሰው አየን፤ ልጄ «ሣሩ ለምን አይሰጥምም?» እያለ እስክንደርስ ድረስ ሲጠይቀኝ ነበር። ደንገል ውስጡ አየር የያዘ ስለ ሆነ ይንሳፈፋል፤ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ታንኳው ይተውና ሌላ ይሠራል። ይህን የነገሩኝ ጀልባውን የሚነዱት ሰው እንጂ እኔ አላውቅም ነበር።

በመንገድ የክብራን ገብርኤልን ደሴት ታያላችሁ። እዚያ ሴት አትገባም፤ በዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። በክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለእኛም ክፍት ነው፤ የዘጌዎቹም እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንደዚሁ። እናቴ ክብራንን እያየች «እኛ ምን አደረግናቸው?» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ በልቤ ያሰብሁት ስለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ባወጁ ጊዜ አልቀበልም ብላ ከትልቅ ሰው ትዳር ወጥታ የመነነች፣ በጣና ዙሪያ ወንዶችም ሴቶችም ያሉበትን ማኅበር የመራች ሴት ናት። ከተቀመጠችባቸው ቦታዎች አንዱ ዘጌ ነበር፤ በስሟ የተመሠረተው ገዳም ደግሞ በእኛው በደራ፣ በቆራጣ ይገኛል። በመጽሐፍ የተጻፈ ገድል ያላት የአገራችን ሴት ከቤታችን ጓሮ እያለች ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል?

ከጀልባው ስትወርዱ የእግር መንገዱ ወዲያው ይጀምራል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ፣ በአንዳንድ ቦታ ድንጋይ የበዛበት፣ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚል መንገድ ነው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን ያዝን። ጎልማሳ ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ እኛ ከአንዲት የአራት ዓመት ልጅና ከአንዲት አያት ጋር ሆነን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀን፤ ያ ሰዓት ደግሞ የቀኑ ምርጡ ነበር። በግራና በቀኝ የቡናው ፍሬ ቀልቷል፤ ጥላው ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ የጥር ፀሐይ መሬት ላይ የምትደርሰው በነጠብጣብ ነው። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከበላያችን ምንቃሩ ትልቅ የሆነ ጥቁር ወፍ እየጮኸ ሲያልፍ ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ አፏን ከፍታ ቀረች። ሳላስበው ትንፋሼ ረጋ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሆነ እንጃ፣ እጄ ምንም ሳይዝ ቆምሁ።

በየመንገዱ ትናንሽ ታንኳዎች፣ መስቀሎችና በብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎች የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ልጆች ሁሉንም ይፈልጋሉና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እኛ አንድ አንድ ታንኳ ብለን ተስማምተን ነው የወጣነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው። ነጠላ ያዙ፤ ጫማ ይወለቃል፤ የመግቢያ ክፍያም አለ። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ስለ ተጻፈ እኔ አልጨምርም።

ከዚያ ስንመለስ እንጨት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች አገኘን። አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። የደረቀ እንጨት ለቅመው ወደ ባሕር ዳር ለሽያጭ የሚያወርዱ ናቸው። እናቴ ከመንገዱ ወጥታ ቆመችላቸውና «አይዟችሁ ልጆቼ» አለቻቸው። ነፍሰ ጡሯ «እማማ፣ ቡናው ባልያዘ ዓመት ምን እናድርግ?» አለቻት፤ ሳትቆም አለፈች። ይህን የጻፍሁት ደስታችሁን ለመቀነስ አይደለም። ዘጌን ደን ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት ነው። ማረስ ለማይቻልበት ሕዝብ ቡናው ሲታመም ወይም ዋጋው ሲወርድ የሚሸጠው እንጨት ብቻ ነው፤ እንጨቱ ከተሸጠ ደግሞ የቡናው ጥላ ይሳሳል። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያች ሴት ጀርባ ላይ ያለው ሸክም ግን በምዝገባ አይቀልም። በበኩሌ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ቢኖር ቡና መግዛት ነው። እናንተም ስትሄዱ የዘጌን ቡና ከአምራቾቹ እጅ ገዝታችሁ ተመለሱ፤ ለቤታችሁ ቡና መግዛታችሁ አይቀርምና።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከቀትር በኋላ ወደ ዳርቻው ወረድን። ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ድንጋዩን ውሃ እየላሰ ይመለሳል፤ ደንገሉ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ከሩቅ አንድ ዓሣ አስጋሪ መረቡን ይስባል። እናቴ ነጠላዋን አንጥፋ ተኛች። እኔ ዳቦውንና ቆሎውን ፈታሁ። ልጄ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ «እማ፣ ልግባ?» አለኝ። ውሃው ጥርት ያለ፣ ፀሐይ ያሞቀው፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ ነበር። የፈራሁት መስጠምን ብቻ ነው፤ «ከዚያች ድንጋይ እንዳታልፍ» ብዬ ፈቀድሁለት። ሁለት ሰዓት ያህል ሲንቦጫረቅ ዋለ። ትንሿ ውሃውን ፈርታ እቅፌ ውስጥ ቀረች።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ልጁ ሆዴን ማለት ጀመረ። ምግብ ጠላ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይተኛል። ወስፋት ነው ብዬ የወስፋት መድኃኒት ገዝቼ ሰጠሁት፤ እናቴም ዓይነ ጥላ ነው አለች። ከዚያ አንድ ቀን ሰገራው ላይ ደም አየሁ። ነርስ የሆነችው ጎረቤቴ ዘንድ ሮጥሁ። ገና በሩ ላይ ቆሜ የጠየቀችኝ ሌላ ምንም አልነበረም፤ «እታለም፣ ልጁ ሐይቅ ገብቶ ነበር?» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ወስደን ሰገራው ሲመረመር ብልሃርዝያ ሆነ።

ስለ ብልሃርዝያ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ሥዕሉንም በደብተሬ ሥዬዋለሁ። ነገር ግን በፈተና ላይ የሚመለስ ጥያቄ እንጂ በልጄ እግር የሚገባ ነገር መሆኑን በዚያች ዳርቻ ላይ አላስታወስሁም። እናንተ እንድታስታውሱት እንደገና እነግራችኋለሁ። የታመመ ሰው በውሃ አጠገብ ሲጸዳዳ ከሰገራው ጋር የትሉ እንቁላል ይወጣና በዝናብ ታጥቦ ውሃው ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ በውሃ ውስጥ ተፈልፍሎ በትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድራል፤ እዚያ ይባዛል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚወዱት የልጆቻችንን መጫወቻ ነው፤ ይኸውም ዳር ላይ ያለ፣ ያልጠለቀ፣ ቀስ የሚል፣ ሣርና ደንገል ያለበት ውሃ። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ዓይን የማያየው ትል በተለይ ፀሐይ ሞቅ ባለችበት ሰዓት ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃው ንጹሕ መምሰሉ ምንም ማስረጃ አይሆንም። ወጥቶ በፎጣ መድረቅም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። የጣና ዳርቻ፣ ዘጌም ጭምር፣ ይህ በሽታ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው ሳይታከም ዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፤ ሆድ ይነፋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በክብደት ተለክቶ የሚዋጥ ነው፤ ልጄም በእርሱ ድኗል። ነገር ግን የዳነ ልጅ እንደገና ውሃ ከገባ እንደገና ይያዛል።

ነገሩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በፎገራ ሩዝ የምታርሙ፣ በጉማራ ዳር ልብስ የምታጥቡ እኅቶች ቀኑን ሙሉ እግራችሁ ውሃ ውስጥ ነው። ልጃችሁ ወይም እናንተ ሆድ ቁርጠት፣ ድካም፣ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ወስፋት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ተመርመሩ። ለጤና ባለሙያውም «ውሃ ውስጥ እንውላለን» ብላችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ዘጌን ጠላሁት ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ለአንድ ዓመት ያህል በእርግጥ ስሙን መስማት አልፈለግሁም። እንዲያውም እናቴ ናት የመለሰችኝ። «ውሃው ነው እንጂ ዛፉ ምን አደረገ?» እያለች ትነዘንዘኝ ነበር፤ ያችው «እንጨት ልትለቅሚ ነው?» ያለችኝ ሴት። የኮሮናው ዘመንና ጦርነቱ በመካከል ገብቶ እንደገና የሄድነው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ ነርሷ ጎረቤቴም ከነልጆቿ አብራን ሄደች።

በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ በዝቷል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የየብሱም የጀልባውም መንገድ ሰላም መሆኑን ከዚያው ከሚመላለሱ ሰዎች ጠይቁ። የሚያጠራጥር ከሆነ ቆዩት፤ ጫካው ብዙ መቶ ዓመታት ጠብቋል ይባላል፣ እናንተን አንድ ወቅት አይጠብቅም አይባልም።

ወቅቱን ካነሣን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ይደርቃል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል። ከቤት የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ ይያዝ፤ የሐይቁን ውሃ ለእጅ መታጠቢያም አትጠቀሙ። ለምግብ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል አይበላሽም። እኔ በመጀመሪያው ጉዞ ሙሉ አገልግል ወጥ ተሸክሜ ወጥቼ ስለ ነበር ምግብ ማብሰሉ ከቤት ተከትሎኝ ነው የሄደው፤ እንደዚያ አታድርጉ። ዓሣ ካማራችሁ እዚያው የተጠበሰ ቀረሶ ይገኛል። ለልጆች ክፍት ነጠላ ጫማ ሳይሆን የተዘጋ ጫማ አድርጉላቸው፤ ለድንጋዩ ይጠቅማል። ባልየው ቤት ቀርቶ ልብሱን ያጥብ ወይስ አብሮ መጥቶ ሕፃኑን ይሸከም የሚለውን ግን እናንተው ተነጋገሩበት፤ የእኔው ሁለተኛውን መርጧል፤ ልብሱም ሰኞ ድረስ ቆይቷል፤ ማንም አልሞተም።

በሁለተኛው ጉዞ ዳርቻው ላይ ስንደርስ ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። የጎረቤቴ ልጆች ጫማቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ እርሱ ነው ቀድሞ የከለከላቸው። ቀንድ አውጣ ፈልጎ በእንጨት ጫፍ እያነሣ እንደ መምህር አስረዳቸው፤ ከእኔ ገለጻ የእርሱ ይሻል ነበር። ውሃ ሳይገቡ ምን እንደሚጫወቱ ስጨነቅ እነርሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለቅመው በውሃው ላይ የማስዘለል ውድድር ጀመሩ። እናቴ ከዛፉ ሥር ተነሥታ መጣች። በልጅነቷ በጉማራ ዳር ጥጃ ስትጠብቅ ትጫወተው እንደ ነበር ነገረችን፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማናችንም ነግራን አታውቅም። አንድ ድንጋይ መርጣ፣ ወገቧን በመቀነቷ አጥብቃ፣ ጎንበስ ብላ ወረወረችው። ልጆቹ ሲቆጥሩ ሰባት ጊዜ ዘለለ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ማዕበል ስለሚያበዛ ጀልባው ቀደም ብሎ ነው የሚመለሰው። እናቴ «አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ» እያለች ድንጋይ ስትለቅም ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጠርተውናል።